ግራፍን ገልብጦ ማየት

ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የ342 ፔንግዊኖችን ምንቃር ያሳያሉ፤ አግድሙ ዘንግ የምንቃሩን ርዝመት፣ ቋሚው ውፍረቱን፣ በሚሊሜትር። ነጥቦቹ አንድ ናቸው። ለሦስቱ ዝርያዎች የተሰጡት ሦስት ቀለሞችም አንድ ናቸው። በመጀመሪያው ግራፍ ላይ ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ምንቃር በረዘመ ቁጥር ይቀጥናል ማለቱ ነው። በሁለተኛው ላይ ሦስት መስመሮች አሉ፣ ሦስቱም ሽቅብ ይወጣሉ፤ ምንቃር በረዘመ ቁጥር ይወፍራል። ኮዱን ከፍቶ ላየ ሰው ልዩነቱ የአንዲት ሐረግ ቦታ ነው። «ቀለምን ከዝርያ ጋር አዛምድ» የምትለዋ ትእዛዝ በመጀመሪያው ውስጥ የተጻፈችው ለነጥቦቹ ብቻ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ከሁሉም በላይ፣ በመነሻው መስመር ላይ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ ከእሷ በታች ያለው ንብርብር ሁሉ፣ የአዝማሚያ መስመሩም ጭምር፣ ወርሷታል።

ጥልፍ የምታውቅ ሴት ሽሮ ሜዳ ሄዳ ቀሚስ ስትመርጥ ፊቱን አይታ ብቻ አትረካም፤ ትገለብጠዋለች። ክሩ በጀርባ በኩል ተንዛዝቶ፣ ቋጠሮው በቋጠሮ ላይ ተከምሮ ካገኘችው ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ ትመልሰዋለች። እኔም የግራፍ ሥራ እንድመዝን የሚልክልኝ ሰው ሲኖር ኮዱንም እንዲልክ እጠይቃለሁ። ሥዕሉ ብቻ ሲደርሰኝ ግማሽ ሥራ እንደደረሰኝ እቆጥራለሁ።

ወደ ፔንግዊኖቹ እንመለስ፤ ቶሎ የሚታለፉ አይደሉም። መለኪያዎቹ ክሪስተን ጎርማንና ባልደረቦቿ ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ፣ በፓልመር ደሴቶች የሰበሰቧቸው ናቸው፤ በ2020 ለአር (R) የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቃሚዎች በነፃ ጥቅል ሆነው ከወጡ በኋላ የብዙ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች መለማመጃ ሆነዋል። አዴሊ የሚባለው ዝርያ ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ነው። ጄንቱ ረጅምና ቀጭን። ቺንስትራፕ ረጅምም ወፍራምም። ዝርያውን የማያውቅ መስመር ከአዴሊ መንጋ ተነሥቶ ወደ ጄንቱ መንጋ ሲወርድ የሚለካው በመንጋዎቹ መካከል ያለውን ርቀት እንጂ በአንድ ዝርያ ውስጥ ርዝመትና ውፍረት እንዴት እንደሚሄዱ አይደለም። ስታቲስቲክስ አዋቂዎች ይህን የሲምፕሰን ተቃርኖ ይሉታል። ቁልቁል የሚወርደው መስመር የስሌት ስሕተት የለበትም፤ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው እንጂ። የሥራው መመዘኛም እዚህ ላይ ነው፤ ሠሪው ያችን ሐረግ እዚያ ያስቀመጣት አስቦ ነው ወይስ እጁ እንዳመራው? አስቦ ያስቀመጣት ሰው ሲጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ያላሰበው ደግሞ «ፕሮግራሙ ነው እንዲህ ያወጣው» ይላል።

እዚህ ላይ የሰዋስውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። አሜሪካዊው ሊላንድ ዊልኪንሰን በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ግራፎች በየዓይነታቸው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ዕቃዎች አይደሉም፣ እንደ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው የሚገነቡ ናቸው ሲል ተከራከረ። ኒውዚላንዳዊው ሃድሊ ዊክሃም ሐሳቡን ወደ አር አምጥቶ በ2007 ጂጂፕሎት2 የተባለውን የግራፍ መሥሪያ ጥቅል አወጣ፤ ሁለቱ «ጂ»ዎች የመጡት «የግራፍ ሰዋስው» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም ነው። በ2010 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ንብርብርን የዚህ ሰዋስው እምብርት አደረገው። ሰዋስው በግእዝ መሰላልም ማለት ስለሆነ ለእኛ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል፤ ግራፉ በመደመር ምልክት እርከን በእርከን ይወጣል፣ ከዳታው ወደ ማዛመጃው፣ ከዚያ ወደ ነጥቡና መስመሩ፣ ወደ ስሌቱ፣ ወደ ስኬሉ፣ መጨረሻ ላይ ወደ መልኩ። በዚህ አስተሳሰብ ክቡ የፓይ ግራፍ ለብቻው የተፈጠረ ዓይነት አይደለም። ቁርጥራጮቹ ላይ በላይ የተከመሩበት አንድ ባር ነው፣ ዘንጉ ወደ ክብ የተጠመዘዘበት። ይህ የገባው ሰው «ምን ዓይነት ግራፍ ልሥራ?» ብሎ አይጀምርም። የትኛው መረጃ ከየትኛው ምልክት ጋር ቢዛመድ ዓይን በትክክል ያነበዋል ብሎ ይጀምራል። ለዚህም መመሪያ አለው፦ ክሊቭላንድና ማክጊል በ1984 ባሳተሙት ጥናት ዓይናችን በጋራ ዘንግ ላይ ያለን ቦታ ከሁሉ አብልጦ በትክክል እንደሚያነብ፣ ርዝመትና ማዕዘን ከዚያ እንደሚከተሉ፣ ስፋትና የቀለም ድምቀት ግን ከኋላ እንደሚቀሩ አሳይተዋል። ዋናውን ቁጥር ለቀለም ሰጥቶ ቦታን ለተራ ነገር ያባከነ ግራፍ ሳይ፣ ሰርገኛውን ከበር አቁሞ ጎረቤቱን ከፍ ያለው ወንበር ላይ ያስቀመጠ ደጋሽ ትዝ ይለኛል።

የጀማሪን እጅ ከሩቅ የምታሳብቅ አንዲት ምልክት አለች። ነጥቦቹ ሁሉ የሳልመን ሥጋ የመሰለ ቀይ ሮዝ ናቸው፤ ከጎናቸው ደግሞ አንድ የቀለም መፍቻ ሳጥን ተቀምጦ «ሰማያዊ» ይላል። ሠሪው ነጥቦቹን ሰማያዊ ቀለም ሊቀባ ፈልጎ የቀለሙን ስም በማዛመጃው ቅንፍ ውስጥ ጻፈው። በቅንፉ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ለፕሮግራሙ መረጃ ነው። «ሰማያዊ» የሚባል አንድ ምድብ አለ ብሎ ተረዳ፣ ለመጀመሪያው ምድብ የተዘጋጀውን ቀለም ሰጠው፣ መፍቻም ሠራለት። ማዛመድ ሌላ ነው፣ መቀባት ሌላ። ይህችን ስሕተት የሠራ ሰው ወዲያው ያያታል፣ ስቆም ያርማታል። የሚከፋው ማንም የማያስተውለው ወንድሟ ነው፤ የክልሎች ስም በዘንጉ ላይ ተጽፎ ሳለ እያንዳንዱን ባር በተለየ ቀለም ማዛመድ። ቀለሙ ዘንጉ የተናገረውን ይደግመዋል፣ ከዚያ መፍቻው ሁለቱን ያገናኘ መስሎ ለሦስተኛ ጊዜ ይደግመዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብልኝ ቀለሙን በእጄ ሸፍኜ አያለሁ። የጎደለ ነገር ከሌለ ቀለሙ ከመጀመሪያውም ሥራ አልነበረውም።

ንብርብር በተጻፈበት ተራ ይሳላል፤ መጨረሻ የተጻፈው ከላይ ይውላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን የሚሠራበት ጥቂት ነው። በመስመሩ ዙሪያ ያለው የመተማመኛ ክልል ጥላ ከነጥቦቹ በታች፣ መስመሩ ከነጥቦቹ በላይ፣ ጽሑፉ ከሁሉ በላይ ሲሆን ዓይን ሳይታገል ይሄዳል። የቦክስ ፕሎት ላይ ነጥቦችን የሚረጩ ሰዎች ሥራ ሲቀርብልኝ ደግሞ በቀጥታ ጥጉን ነው የማየው። ሣጥኑ ከሌሎቹ ርቀው የወጡትን እሴቶች በራሱ ነጥብ ይስላቸዋል። በላዩ ሁሉንም የሚረጭ ንብርብር ሲጨመር እነዚያው እሴቶች ሁለተኛ ጊዜ ይሳላሉ፣ ርጭቱ ወደ ጎን ስላንሸራተታቸውም የተለያዩ ይመስላሉ። የሕክምና ዳታ ቢሆን አንዲት በሽተኛ ሁለት ትሆናለች። ጥሩ ሠሪ የሣጥኑን ነጥቦች እንዲደበቁ አዝዞ ይቀጥላል። በዚያው ርጭቱን ወደ ጎን ብቻ ያደርገዋል፤ ካልተነገረው ወደ ላይና ወደ ታችም ስለሚያንሸራትት በዘንጉ ላይ የሚነበበው ቁጥር ራሱ ከቦታው ይነቃነቃል። አንባቢ 12 የነበረውን 12.3 አድርጎ ያነባል፤ ማንም አልዋሸውም፣ ግን ተታልሏል።

ብዙ ነጥብ ያለበት ግራፍ ላይ ነው እጅ የሚለየው። ከጂጂፕሎት2 ጋር የሚመጣው የአልማዝ ሠንጠረዥ 53,940 ረድፍ አለው። የክብደትና የዋጋ ግራፉ እንዳለ ሲሳል የተቃጠለ ምጣድ ይመስላል፦ ጥቁር ነገር፣ ከዳር ዳር። አልፋ የሚባለው የነጥቡ ድፍንነት ልክ ወደ አንድ ሃምሳኛ ገደማ ሲወርድ ግን ሌላ ዓለም ይገለጣል። በ1 ካራት፣ በ1.5፣ በ2 ላይ ቀጥ ያሉ ጥቁር ዓምዶች ይቆማሉ። አልማዝ ቆራጮች ድንጋዩ ክብ ቁጥር ላይ ወይም ትንሽ አልፎ እንዲያርፍ ይጥራሉ፤ ከ1 ካራት ጥቂት ቢጎድል ዋጋው ይወርዳልና። ያ የገበያ ባህል ከመጀመሪያውም በዳታው ውስጥ ነበረ፣ የሸፈነው የቀለም ውፍረት ብቻ ነው። የሠሪን ዕውቀት ከአልፋ ቁጥሩ አነባለሁ። 0.5 ብሎ ከጻፈ ገና አልሞከረም፤ ሁልጊዜ እጁ የሚሄድበት ቁጥር ነው። ሞክሮ፣ አይቶ፣ እንደገና ሞክሮ የደረሰበት ቁጥር እንዲህ ክብ አይሆንም።

አሁን ወደ ስውሩ ወጥመድ። አንድ ሰው የአልማዝ ዋጋን ቦክስ ፕሎት ሠራ እንበል። ከፍተኛው ዋጋ 18,823 ዶላር ስለሆነ ሣጥኖቹ ከታች ተጨፍልቀው ቀሩ። «እስከ 5,000 ብቻ አሳይ» ለማለት ሁለት መንገድ አለ፣ በቃል የሚቀራረቡ፣ በሥራ የማይገናኙ። አንደኛው የስኬሉን ወሰን መቁረጥ ነው። ፕሮግራሙ ከ5,000 በላይ ያለውን ረድፍ ሁሉ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ያወጣዋል። የሁሉም አልማዞች መሃል ዋጋ 2,401 ዶላር የነበረው፣ ውዶቹ ከተጣሉ በኋላ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሣጥኑም አብሮት ያንሳል። ሁለተኛው መንገድ በኮኦርዲኔቱ በኩል ማቅረብ ነው፦ ስሌቱ በሙሉው ዳታ ይሠራል፣ ከዚያ ካሜራው ብቻ ይጠጋል። ውጤቶቹ ዓይን ላይ ሁለት ጥሩ ግራፎች ናቸው፣ አንዱ ግን የሌለ ገበያ ያሳያል። በሥዕሉ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። የሚያሳብቀው ኮዱ ነው፣ ከዚያም ብዙዎች ሳያነቡ የሚያልፉት ያን ያህል ረድፍ ተወግዷል የሚል ማስጠንቀቂያ። የግራፍ ሥራ እንዲመዝን የተጠየቀ ሰው ጊዜው አንዲት ነገር ብቻ ለማየት የሚበቃው ቢሆን ይህቺን እንዲያይ እመክረዋለሁ።

በነገራችን ላይ ይኸው ከወሰን ውጭ ያለውን የመጣል ጠባይ አንድ ጊዜ በጎ ይሠራል። የባር ግራፍ ከ0 ካልጀመረ ርዝመቱ ይዋሻል። በስኬሉ ወሰን በኩል ባሩን ከ50 ላስጀምር ያለ ሰው ባሮቹ ጠቅላላ ይጠፉበታል፤ መሠረታቸው 0 ከወሰኑ ውጭ ወድቋልና። ብዙዎች ይህን እንደ ብልሽት ቆጥረው መላ ይፈልጋሉ። እኔ ፕሮግራሙ ያሳየው ጨዋነት ይመስለኛል።

ቀለም ላይ ብዙ ስለተጻፈ አላስረዝምም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ጂጂፕሎት2 ሳይነገረው የሚመርጣቸው ቀለሞች በብርሃን መጠን እኩል ሆነው የተሰናዱ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን እንዳይጫን። በስክሪን ላይ መልካም ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ የአብዛኛው ሪፖርት ዕጣ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ነው። ስለዚህ ያንኑ ተለዋዋጭ ከቀለምም ከነጥብ ቅርጽም ጋር ያዛመደ ሰው ሳይ ከአንባቢው ጋር ተቀምጦ የሠራ ይመስለኛል። (ቅርጹም ልክ አለው። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው 6 ቅርጽ ብቻ ነው፣ ሰባተኛው ምድብ ከማስጠንቀቂያ ጋር ሳይሳል ይቀራል።) ሁለተኛው ነገር፦ ለተከታታይ ቁጥር የቀስተ ደመና ቀለም የተጠቀመን ሥራ ወዲያው እጠረጥራለሁ። ቀስተ ደመናው ቢጫው ላይ በድንገት ይበራል፣ በዳታው ውስጥ የሌለ ጠርዝ ይፈጥራል። ቪሪዲስ የተባለው ከሐምራዊ ወደ ቢጫ የሚሄድ ስኬል በ2015 የተሠራው ይህን ለመተካት ነበር፤ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር በፎቶ ኮፒም ይነበባል፣ ቀይና አረንጓዴ ለመለየት ለሚቸገሩም። በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ዘንድ ከ12ቱ አንዱ ያህል እንዲህ ያለ ዓይን አለው።

የምድቦች ተራ ነገር ደግሞ የራሴን ኃጢአት ያስነሣብኛል። ለአንድ መሥሪያ ቤት የወር በወር ዝናብ ግራፍ ሠርቼ ነበር፣ የወሮቹን ስም በአማርኛ። ክረምቱ በግራፉ ቀኝ ጫፍ እንደ ጉብታ ይነሣል ብዬ ጠብቄ ሳይ ሐምሌ ከግራ ዳር ብቻውን ተገትሯል፣ ነሐሴ ከመሃል። መስከረም ሁለተኛ፣ ከዚያ መጋቢት፣ ከዚያ ሚያዝያ። አር ካልተነገረው በስተቀር ምድቦችን በፊደል ተራ ይደረድራል፣ በፊደላችን ደግሞ ሐ ከመ ይቀድማል። ጥቅምትና ጥር ጎረቤት ሆነው ተቀምጠው ነበር። ግራፉን አንድ ባለሥልጣን አይቶ «ዘንድሮ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው የመጣው?» አለ፤ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ሥራ ስመዝን ምድቦቹ በምን ተራ እንደተደረደሩ ሳልጠይቅ አላልፍም። ወሮች ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ የትምህርት ደረጃ ከዝቅ ወደ ከፍ፣ ተራ የሌላቸው ከሆኑ ደግሞ በእሴታቸው መጠን። የፊደል ተራ ለስልክ ማውጫ ነው። መፍቻውም እንዲሁ፤ በመስመር ግራፍ በቀኝ ጫፍ ከላይ ያለው መስመር በመፍቻውም ከላይ ይሁን። ከተቻለ መፍቻው ይቅርና ስሙ በመስመሩ ጫፍ ላይ ይጻፍ።

በአማርኛ የሚሠራ ሰው ሌላም ፈተና አለበት፣ ፊደሉ። በስክሪን ላይ ያማረው ርዕስ ወደ ፋይል ሲወጣ ባዶ ሳጥኖች ይሆናል፣ በአር የተለመደው የፒዲኤፍ መንገድ ደግሞ በነጥቦች ይተካዋል። የግእዝ ፊደል ያለበትን ፎንት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን፣ በስሙ ጠርቶ፣ ካይሮ ወይም ራግ በሚባለው የሥዕል ማውጫ በኩል ያወጣ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። የክልልና የወረዳ ስሞቻችን ረዘም ስለሚሉ በአግድሙ ዘንግ ላይ ሲጠበቡ ብዙዎች ወደ ጎን አጋድመው ይጽፏቸዋል፣ አንባቢም አንገቱን አጋድሞ ያነባል። ዘንጎቹን ማገለባበጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ምድቦቹ ወደ ግራው ዘንግ ሲዞሩ ስሞቹ ቀጥ ብለው ይነበባሉ፣ ባሮቹም ወደ ቀኝ ይሮጣሉ።

መልኩ፣ ማለትም ቲም የሚባለው፣ መጨረሻ ይምጣ። ግራጫ ጀርባ ከነጭ ፍርግርግ ጋር የጂጂፕሎት2 መታወቂያ ነው፤ ሰው ቶሎ ሊያወልቀው ይቸኩላል። አውልቆ ነጭ ማልበሱ ችሎታ አይደለም። ችሎታ የምለው ግራፉ የሚያርፍበትን ቦታ ለይቶ ማልበስን ነው፦ ለአዳራሽ ስክሪን ፊደሉን ማሳደግ፣ ለመጽሔት ገጽ ፍርግርጉን ማሳሳት፣ ለአሥር ግራፎች ቲሙን አንድ ጊዜ ጽፎ በሁሉም ላይ መጠቀም። በአሥሩም ግራፍ ሥር ያው ሃያ መስመር የቲም ኮድ ተገልብጦ ባገኝ ጀርባው የተንዛዛ ጥልፍ አገኘሁ እላለሁ። አንዱ ግራፍ ላይ የታረመው በዘጠኙ ላይ ሳይታረም ይቀራል።

ፔንግዊኖቹን ስጀምር 342 ናቸው ብዬ ነበር። በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ግን 344 ናቸው። የሁለቱ ምንቃር አልተለካም፦ አንዱ አዴሊ ከቶርገርሰን ደሴት፣ ሌላው ጄንቱ ከቢስኮ። ግራፉ ሲሳል ፕሮግራሙ ሁለት ረድፍ ማስወገዱን በአንድ መስመር ይናገራል። አንዱ ሠሪ ማስጠንቀቂያው እንዳይታይ የሚያደርግ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ሪፖርቱ ንጹሕ ይመስላልና። ሌላው ከግራፉ ግርጌ በትንሽ ፊደል «ልኬት የሌላቸው 2 ወፎች አልተካተቱም» ብሎ ያሰፍራል።